«አፍሪካውያን ራሳቸው ሸጡ» ለሚል ሰው ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁለት ነገር ይሰማል። አንደኛው «የሸጧቸው የአፍሪካ ነገሥታት አይደሉም ወይ?»፣ ሁለተኛው «ያኔ ያልነበረ ሰው ዛሬ ለምን ካሳ ይከፍላል?» ነው። በማስረጃ እንዴት ይመለሳል? የዛሬውን የጥቁርና የነጭ አሜሪካውያን የኑሮ ልዩነትስ ከባርነት ጋር ማያያዝ ይቻላል?

መልስ 1፦ የመጀመሪያውን አትካድ፤ እውነት ነው። የዳሆሜ (የዛሬዋ ቤኒን) ነገሥታት ምርኮኞችን በዊዳ ወደብ ሸጠዋል። የቤኒኑ ፕሬዚዳንት ማቲዩ ኬሬኩ በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይቅርታ የጠየቁትም ለዚህ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ሻጩ ጥፋተኛ ከሆነ የገዢው ጥፋት ይቀንሳል ተብሎ ሲታሰብ ነው፤ ተባባሪ ስለተገኘ ከክስ የሚወጣ የለም። ከአፍሪካ 12.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመርከብ ተጭኖ በሕይወት የደረሰው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥርዓት ደግሞ ዳሆሜ አላወጣችውም። በ1662 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል ስላለ፣ ጌታው ከባሪያው የወለደው ልጅ እንኳ ባሪያ ሆኖ ቀረ። ባርነትን ከዘር ጋር ያሰረው እንዲህ ዓይነቱ ሕግ ነው።

መልስ 2፦ በሁለተኛው ላይ ልጨምር። ጥፋተኛና ባለዕዳ ይለዩ። ወንጀል ለልጅ አይተላለፍም፤ የመንግሥት ዕዳ ግን ንጉሥ ወይም ሚኒስትር ሲሞት አይሰረዝም። ብሪታንያ በ1833 ሕጓ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የመደበችው ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለባለቤቶቹ ነበር፤ ለዚያ የተወሰደው ብድር ርዝራዥ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። «ያለፈ ታሪክ ነው» ለሚል ይህ ቀን ይበቃል። የሄይቲ ደግሞ ይብሳል። ባሪያዎቹ ተዋግተው ነፃ ከወጡ በኋላ ፈረንሳይ በ1825 የጦር መርከቦች ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ጠየቀች። በ1838 ጠቅላላው ወደ 90 ሚሊዮን ቢወርድም፣ ሄይቲ ካሳውን ለመክፈል ከፈረንሳይ ባንኮች ተበድራ ነበር፤ ከዚህ ጋር የተያያዘው ዕዳ እስከ 1947 ተከተላት። የተበደለው ለበዳዩ ከፈለ።

መልስ 3፦ የአሜሪካን ጉዳይ ስታነሳ ባርነት ከቀረበት ከ1865 ተነስተህ በቀጥታ ወደ ዛሬ አትዝለል፤ ብዙ ተከራካሪ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው። በመካከል ያለውን ሰንሰለት አሳይ። ጄኔራል ሸርማን በጥር 1865 ነፃ ለወጡ ባሪያ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር መሬት እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶቹ መለሰ። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት የከተማ ሰፈሮችን ለብድር ባላቸው ስጋት ከኤ (ዝቅተኛ ስጋት) እስከ ዲ (ከፍተኛ ስጋት) ደረጃ ሰጠ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ባመዛኙ ዲ ተብሎ በካርታው ላይ በቀይ ተቀባ፣ የቤት ብድርም ራቀው። ለልጅ የሚተላለፈው ዋናው ሀብት ቤት ስለሆነ ልዩነቱ እየተባዛ ሄደ። የኢሊኖይዋ ኤቫንስተን ከተማ በ2021 ያጸደቀችው የ25,000 ዶላር የቤት ድጋፍ ከ1919 እስከ 1969 እዚያ የኖሩ ጥቁሮችንና ዘሮቻቸውን ይመለከታል። ጉዳቱ በሰነድ ስለሚታይ ለካሳው መነሻ ሆነ።

መልስ 4፦ በመልስ 3 ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ካሳን በቤት ብድር ብቻ ከወሰንነው ዋናው በደል፣ ሳይከፈልበት የተወሰደው የትውልዶች ጉልበት፣ ከሒሳቡ ይወጣል። እርግጥ ማስረጃው ከባድ ነው። በ1850 እና በ1860 የሕዝብ ቆጠራ ባሪያዎች በባለቤታቸው ስም ሥር ተመዘገቡ፤ የተጻፈው ባመዛኙ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም እንጂ ስም አይደለም። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ዘሩን የሚፈልግ ሰው ከ1870 ወደ ኋላ ሲሄድ መጀመሪያ የባለቤቱን ስም ማግኘት፣ ቀጥሎ የኑዛዜና የሽያጭ መዝገቡን ማገላበጥ አለበት። ሰነዱ የጠፋው መዝጋቢው ስማቸውን ስላልጻፈ ነውና፣ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በተወላጆቹ ላይ ብቻ መጣሉ ፍትሕ አይደለም።