በባለሁለት አክስል ተሳቢ ቤት ላይ ባሌስትራ መደረብ ይሻላል ወይስ ማያያዣዎቹን ማደስ?

ጥያቄ፦ ዘለገሃር

ለገሃር አካባቢ የምንሠራ ጥቂት የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች ከአሜሪካ የገባ ያገለገለ ተሳቢ ቤት ወደ ተንቀሳቃሽ መመርመሪያ ክፍልነት ለውጠን ወደ ገጠር እንወጣበታለን። ተሳቢው ከመኪናው ኋላ በመንጠቆ የሚጎተት ሳይሆን፣ አፍንጫው በፒካፑ መጫኛ ውስጥ በተተከለ መያዣ ላይ የሚያርፍ፣ አምስተኛ ጎማ የሚባለው ዓይነት ነው። ከሥሩ ሁለት አክስሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 5,200 ፓውንድ፣ ማለትም 2,359 ኪሎ ግራም እንዲሸከሙ የተሠሩ መሆናቸው በላያቸው በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል።

በአስፋልት ላይ ብዙም አንቸገርም። ከቡታጅራና ከወልቂጤ ወጣ ብለን ፒስታ መንገድ ስንይዝ ግን ተሳቢው ከመጠን በላይ ይንቀጠቀጣል፤ የመደርደሪያዎቹ ብሎኖች ይላላሉ፣ የዓይን መመርመሪያ መሣሪያችንም ስሊት ላምፑ በደረስን ቁጥር እንደገና መስተካከል አለበት። በግራ በኩል ያሉት ጎማዎች ደግሞ በውስጠኛው ጠርዛቸው እየተበሉ ነው። አንድ ጋራዥ በእያንዳንዱ ባሌስትራ፣ ማለትም አክስሉን ከተሳቢው አካል ጋር በሚያገናኘው ተጣጣፊ ብረት፣ ላይ አንድ ተጨማሪ እንድንደርብ መክሮናል፤ አንድ ወዳጃችን ደግሞ ባሌስትራውን በሙሉ አስወግደን በውስጡ የሚያለዝቡ የጎማ (የላስቲክ) ዘንጎች ባሉት አክስል እንድንተካው ይወተውተናል። ገንዘቡ የበጎ አድራጊዎች ስለሆነ አንድ ጊዜ በትክክለኛው ቦታ ላይ ማዋል እንፈልጋለን። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራውስ የትኛው ነው?

መልስ፦ የተክለሃይማኖቱ መካኒክ

ዶክተር፣ በመጀመሪያ ለምትሠሩት ሥራ እግዚአብሔር ይስጥልን። ባሌስትራ መደረቡን ግን አልደግፍም። የመደረቡ ልማድ የመጣው ከልኩ በላይ ከሚጫኑ አይሱዙዎች ነው፤ ዓላማውም መኪናው ወገቡን እንዳይሰብር ማድረግ እንጂ ጭነቱን ከንቅናቄ መጠበቅ አይደለም። ባሌስትራ በጠነከረ መጠን ጎማው የተቀበለውን ምት ሳያለዝብ ወደ ሻንሲው ያሳልፈዋል፣ ከሻንሲውም ወደ መሣሪያዎ ይሄዳል። የተሳቢው የመሸከም አቅምም በመደረቡ አይጨምርም፤ ምክንያቱም አቅሙን የሚወስነው ከአክስሉ፣ ከጎማው፣ ከቸርኬውና ከሻንሲው መካከል ደካማው ነው።

ይልቁንስ በአክስሎቹ መካከል ያለውን ክፍል ይመልከቱ። የፊተኛው ባሌስትራ የኋላ ጫፍና የኋለኛው ባሌስትራ የፊት ጫፍ የሚገናኙት መሐሉ ላይ በሚወዛወዝ ኢኳላይዘር በሚባል ብረት ነው፤ አንዱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ ጭነቱን ለሁለቱ አክስሎች የሚያካፍለው እሱ ነው። ኢኳላይዘሩን ከባሌስትራዎቹ ጋር የሚያያይዙት ማንጠልጠያ ሰሌዳዎች በአብዛኞቹ የአሜሪካ ተሳቢዎች ላይ ስስ ናቸው፣ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። በቡሎኖቹ ላይ የሚገባው ቦኮላ የተባለው ቱቦም ግራሶ የማይወስድ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ በአቧራና በፒስታ ቶሎ ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ብረት ብረትን ይበላል፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ክብነቱን ያጣል፣ እያንዳንዱም ጉድጓድ በመዶሻ እንደተመታ ይሰማል። የሚሰማችሁ ንቅናቄ ብዙው ክፍል ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ተሳቢውን በሻንሲው ላይ በክሪክ አንሥተው በጠንካራ መደገፊያ ካስቀመጡት በኋላ ጎማዎቹን አውልቀው እያንዳንዱን ማንጠልጠያ በፌሮ ያንቀሳቅሱት። ቡሎኖቹን አውጥተው ይመልከቱ። ባሌስትራው የሚንጠለጠልባቸው በሻንሲው ላይ የተበየዱ መያዣዎችም ተሰንጥቀው እንደሆነ ብየዳቸውን በብረት ብሩሽ ጠርገው ይመርምሩ፤ ይህን ማንም አይመለከተውም፣ ሲለቅ ግን መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ይመዝኑት። በምድር ሚዛን ላይ መጀመሪያ ፒካፑን ብቻ፣ ቀጥሎ ተሳቢው ተያይዞ ፒካፑን ብቻ፣ በመጨረሻም የተሳቢውን ጎማዎች ብቻ አውጥተው ይመዝኑ፤ ከተቻለ ግራና ቀኙን ለየብቻ። የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ መበላት የጭነት መብዛት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም የተሳቢ አክስል ሲሠራ መሐሉ በትንሹ ወደ ላይ ይጎብጣል፣ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ ያ ጉብጠት ይጠፋል።

መልስ፦ ተጓዥ ዘፒያሳ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ሆኖም የወዳጅዎ ሐሳብም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በውስጡ የጎማ ዘንጎች ያሉት አክስል የሚያለዝበው በላስቲኩ መጠምዘዝ ስለሆነ፣ ቦኮላም ማንጠልጠያም የለውም፣ ግራሶም አይፈልግም፣ እያንዳንዱም ጎማ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። በጥሩ መንገድ ላይ የሚሰጠው ለስላሳነት ከባሌስትራ ይበልጣል፤ ስስ መሣሪያ ለሚጭን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መልስ፦ የተክለሃይማኖቱ መካኒክ

ለስላሳነቱን አልክድም። ነገር ግን በሁለት አክስል ላይ ሲሆን በመካከላቸው ጭነት የሚያካፍል ምንም ነገር የለም፤ ስለዚህ ተሳቢው ዘወትር ልክ አግድም መቆም አለበት። የዛሬ ፒካፖች መጫኛቸው ከፍ ያለ በመሆኑ የተሳቢው አፍንጫ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ያዘነብላል፣ ያኔ ጭነቱ በኋለኛው አክስል ላይ ይከመራል። ደግሞም የውስጡ ላስቲክ ሲያረጅ አይጠገንም፤ የሚቀየረው አክስሉ በሙሉ ነው። ባሌስትራ ግን ገጠር ላይ ቢሰበር እንኳ ፈልጎ የሚያመጣና የሚገጥም ሰው አይጠፋም። ከአዲስ አበባ ርቆ ሕሙማን ለሚጠብቁት ተሳቢ ይህ ለእኔ ወሳኝ ነው።

መሐከለኛ መንገድ አለ፦ የብረቱን ኢኳላይዘር በውስጡ ጎማ (ላስቲክ) ባለው መተካት። ሞራይድ፣ ሊፐርትና ዴክስተር የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ይህን ይሠራሉ። ምቱ ወደ ሻንሲው ከመድረሱ በፊት ላስቲኩ ይቀበለዋል፣ ባሌስትራዎቹም ባሉበት ይቀራሉ። ከማዘዛችሁ በፊት ግን ከአንዱ አክስል መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለውን ርቀት ለኩ፤ የተለመዱት 33 እና 35 ኢንች፣ ማለትም 838 እና 889 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ኢኳላይዘሩም የሚመረጠው በዚህ ርቀት ነው።

ዘለገሃር

ጋሼ፣ በምክርዎ መሠረት አስመዝነነዋል። የተሳቢው ጎማዎች በአንድነት 4,510 ኪሎ ግራም ተሸክመዋል፤ ከዚህ ውስጥ ግራው 2,420፣ ቀኙ 2,090 ነው። በፒካፑ ላይ ያረፈው 1,050 ኪሎ ግራም ነው። ማንጠልጠያዎቹን ስንፈታ ፕላስቲኩ ቦኮላ በአብዛኛው ቦታ አልቋል፣ ቀዳዳዎቹም እንዳሉት ክብነታቸውን አጥተዋል። የመያዣዎቹ ብየዳ ደህና ነው። ጎማዎቹ 225/75 በ15 ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በ65 ፒኤስአይ የአየር ግፊት 1,152 ኪሎ ግራም እንደሚችል ተጽፎበታል። የነሐስ ቦኮላ እዚሁ ቶርኖ ቤት ብናስቆርጥ ያስኬዳል?

መልስ፦ የተክለሃይማኖቱ መካኒክ

ጥሩ አድርጋችሁ መዝናችኋል፤ ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። ከጠቅላላው 5,560 ኪሎ ግራም 19 በመቶ ያህሉ በፒካፑ ላይ ማረፉ ለዚህ ዓይነት ተሳቢ ከተለመደው ከ15 እስከ 25 በመቶ ውስጥ ነው። ሁለቱ አክስሎችም በድምር 4,718 ስለሚችሉ አጠቃላይ ጭነቱ አልበዛም። ችግሩ ግራው ነው፤ የአንድ ጎን ድርሻ 2,359 ሆኖ ሳለ 2,420 ተጭኖበታል። በግራ ያሉት ሁለት ጎማዎች እኩል ቢካፈሉት እንኳ ለእያንዳንዳቸው 1,210 ይደርሳቸዋል፣ ይህም ከተጻፈባቸው ልክ በላይ ነው። ከባሌስትራ በፊት ባትሪውን ወይም የውኃውን ታንከር ወደ ቀኝ ያዛውሩ። ጎኖቹ ቢተካከሉም ለአንድ ጎማ 1,128 ይደርሳል፣ ትርፉ በጣም ጠባብ ነው፤ ስለዚህ በዚሁ መጠን በ80 ፒኤስአይ 1,284 ኪሎ ግራም የሚችለውን ጎማ ይግዙ፣ ቸርኬውም ያንን ግፊት እንደሚችል በላዩ የተጻፈውን አይተው ያረጋግጡ።

የነሐስ ቦኮላ በቶርኖ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ልኩ ግን የሚወሰደው ካለቀው ቦኮላ ሳይሆን ከባሌስትራው ዓይን (ቡሎኑ ከሚገባበት የጫፉ ቀዳዳ) ውስጥና ከአዲሱ ቡሎን ነው። ቡሎኖቹ መሐላቸው ተበስቶ ግራሶ የሚያስተላልፉ፣ ከራሳቸው ሥር ጥርስ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ጥርሱ ሰሌዳውን ነክሶ ስለሚይዝ የሚንቀሳቀሰው ቦኮላው ላይ ብቻ ይሆናል። እነዚህን ከ12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሰሌዳዎች ጋር በአንድ ላይ ማስመጣቱን እመርጣለሁ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቡሎን አንሥቶ መግጠም ግን አይገባም፤ ጥንካሬው የማይታወቅ ቡሎን ለዚህ ቦታ አይሆንም።

ሲገጥሙ የግራሶው መውጫ ቀዳዳ ወደ ጎን ይዙር፤ ጭነቱ ወደሚጫንበት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከዞረ ግራሶው አይወጣም። የማንጠልጠያዎቹን ዳዶ ከመጠን በላይ አያጥብቁ፣ ሰሌዳው በነጻነት መወዛወዝ አለበት። የተሰበረ ባሌስትራ ካገኛችሁም አታስበይዱት፣ እሳት ያገኘው ብረት የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በአፍንጫው ላይ ካለው ፒን እስከ ፊተኛው አክስል የግራና የቀኝ ጫፍ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጎማው ከዚያ በኋላም በውስጥ በኩል መበላቱን ከቀጠለ አክስሉ ጎብጧል ማለት ነው፣ እሱም የሌላ ቀን ሥራ ነው።

መልስ፦ ተጓዥ ዘፒያሳ

አንድ ነገር ልጨምር። ተሳቢ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ንቅናቄ ያለው በኋለኛው ጫፍ ነው፣ የሚያንሰው ደግሞ በአክስሎቹ ትይዩ ነው። ስሊት ላምፑ የተተከለው ከኋላ ከሆነ ወደ መሐል ያምጡት፤ በጉዞ ጊዜም ከጠረጴዛው ተፈትቶ በስፖንጅ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

ዘለገሃር

የተተከለው ከኋላ ነው፤ በዚህ ሳምንት እናዛውረዋለን። ባትሪዎቹን ወደ ቀኝ ካዞርን በኋላ እንደገና አስመዝነን ቁጥሩን እዚህ እናሰፍራለን፣ ማንጠልጠያዎቹንና በውስጡ ጎማ ያለውን ኢኳላይዘርም ርቀቱን ለክተን እናዛለን። የጎማዎቹን ዳዶ በተመለከተስ ጋሼ፣ ስንት ይጠበቅ?

መልስ፦ የተክለሃይማኖቱ መካኒክ

ለግማሽ ኢንች ቡሎን ከ120 እስከ 160 ኒውተን ሜትር፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ፣ በኮከብ ቅደም ተከተል እያፈራረቃችሁ። ጎማ በወለቀ ቁጥር ከ16፣ ከ40 እና ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ።