የካርቦን ክፍያ ሲመጣ ማገዶውና ግጦሹ እንዴት ይሆናል?

ጥያቄ (ዝግባ)፦
በአሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ማለትም ነዋሪው ከመንግሥት ጋር ደኑን በጋራ በሚያስተዳድርበት አሠራር፣ የተደራጀ ማኅበር የካርቦን ሽያጭ ውል ሊፈራረም ነው፤ ዛፎቹ ከአየር ስበው ለሚያከማቹት ካርቦን ገንዘብ የሚከፈልበት ውል ማለት ነው። ደኑ ጥድና ወይራ የበዛበት የተፈጥሮ ደን ነው። ስብሰባው ሁሉ ያለቀው ገንዘቡ ለየአባወራው ይከፋፈል ወይስ ለጋራ ሥራ ይዋል በሚለው ክርክር ነው። ጭራሮ የሚለቅሙትና ከብት የሚያሰማሩት ግን ነገ ወዴት ይሄዳሉ? ክፍያ ቆረጣን በእርግጥ ይቀንሳል?

መልስ (ወይራ)፦
ቆራጩ ራሱ ተከፋይ ሲሆን ይቀንሳል። በምዕራብ ኡጋንዳ፣ በሆይማና በኪባሌ፣ በ121 መንደሮች ተሞክሯል። በእጣ በተመረጡት መንደሮች የግል ደን ያላቸው ገበሬዎች ዛፍ ካልቆረጡ በሄክታር በዓመት 70,000 የኡጋንዳ ሽልንግ ይታሰብላቸው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ክፍያ ባልነበረባቸው መንደሮች የዛፍ ሽፋኑ 9.1 በመቶ ሲቀንስ፣ በነበረባቸው የቀነሰው 4.2 በመቶ ነው። እዚያ ግን ደኑ የግል ነው። በጋራ ደን ላይ ገንዘቡ ለማኅበሩ አባላት ይገባል፤ የሚቆርጡት ብዙ ጊዜ አባል ያልሆኑ ወጣቶችና ማገዶ ሸጠው የሚያድሩ እናቶች ናቸው። እነሱን ያላስገባ ውል ቆረጣውን ወደ ጎረቤት ቀበሌ ደን ያሻግረዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ከክፍፍሉ በፊት የአባላት መዝገቡን ክፈቱት፤ እማወራዎችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች በራሳቸው ስም ይመዝገቡ።

መልስ (ጉቶ)፦
በወላይታ የሁምቦን ሥራ ተመልከት። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በደን ማኅበራት እጅ ተሰጥቶ በ2009 እ.ኤ.አ. በካርቦን ፕሮጀክትነት ተመዘገበ፤ ገዢው የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ነበር። አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ በሕይወት ያለ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን መንከባከብ ነው። ከአንድ ጉቶ ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ከሦስት እስከ አምስት አስቀርተህ ሌላውን በተሳለ ገጀራ ትቆርጣለህ። በቀሩት ላይ የታችኛውን ቅርንጫፍ ከቁመቱ እስከ ግማሽ ትገርዛለህ፤ ከዚያ በላይ ከሄድክ ቀንበጡ ይቀጭጫል፣ ነፋስም ይጥለዋል። የተገረዘው ማገዶ ነው። ልቅ ግጦሹ ይቆማል፣ ሣሩ ታጭዶ ከብቱ በረት ድረስ ይቀርብለታል። ሰው ከደኑ አልተባረረም፤ የሚወስደው ነገርና አወሳሰዱ ነው የተቀየረው። ከካርቦኑ ገቢም ወፍጮና የእህል መጋዘን ተሠርቶበታል፤ ይህ ለየቤቱ ከምትደርስ ጥቂት ብር የተሻለ ይመስለኛል።

ዝግባ፦
ታዲያ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ምን በግልጽ ይጻፍ?

ወይራ፦
«ደኑን መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ደፈናዊ አንቀጽ አታስገቡ፤ ጥበቃውን ከጎረቤቱ ያጣላል፣ ቆረጣውንም ወደ ሌሊት ይገፋዋል። ደኑን በክፍል ከፋፍላችሁ የትኛው በየትኛው ዓመት እንደሚገረዝ፣ ደረቅ እንጨት በሳምንት በየትኞቹ ቀናት እንደሚለቀም፣ ሣር ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚታጨድ ጻፉ። ለቀማ ያለ መጥረቢያ፣ በእጅ ብቻ ይሁን፤ መጥረቢያ ከገባ ደረቁና እርጥቡ አይለይም። ከሰል ማክሰል ጭራሽ አይፈቀድ።

ሌላው ቆጠራ ነው። ከፊርማው በፊት በገበያ ቀን ማለዳ ከደኑ በሚወጡት መንገዶች ላይ ስንት ሸክም እንጨት እንደሚያልፍ ቁጠሩ፤ ከጎረቤቱ ደን የሚወጣውንም እንዲሁ። በዓመቱ በዚያው ወር ድገሙት። የእናንተው ቀንሶ የጎረቤቱ ከጨመረ ቆረጣው ቦታ ቀይሯል ማለት ነው።

ጉቶ፦
የክፍያው ጊዜም ይታሰብበት። የካርቦን ገንዘብ የሚመጣው ልኬትና ማረጋገጫ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ጥበቃዎች ግን ደመወዝ የሚፈልጉት በየወሩ ነው፤ ደመወዙ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚሸሸው ጥበቃው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍያ ቢያንስ የአንድ ዓመት የጥበቃ ደመወዝ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከቀሪው ደግሞ የተወሰነው ጎተራ በሚጎድልበት ክረምት ለማገዶ ሻጮቹ በሥራ መልክ፣ ለምሳሌ በግረዛና በእሳት መከላከያ መስመር ጠረጋ፣ ይከፈል። እንጨት ሸጦ የሚያድር ሰው በብዛት የሚቆርጠው በዚያ ወቅት ነው።