አንበሳው ለምን ይመላለሳል?

የሚሚ እናት፦
ሰላም ናችሁ? ባለፈው እሁድ የሰባት ዓመት ልጄን አንበሳ ላሳያት ይዣት ወጥቼ ነበር። የት እንደሆነ ልተወው። አንዱ አንበሳ ከግድግዳው ጥግ ተነስቶ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሁልጊዜ እዛችው ቦታ ላይ ነው የሚዞረው፤ የሚረግጣት መስመር ከሌላው ሲሚንቶ ተለይታ ታበራለች። ልጄ «እማዬ፣ በሩ ጠፍቶበት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ፤ እስካሁንም ከሆዴ አልወጣም። ውጭ አገር ዙዎች በጣም ተለውጠዋል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ለእንስሳቱ ነው የተሻለው ወይስ ለእኛ ለተመልካቾች ነው ያማረው? ሌላ ጊዜ ስሄድስ ምን አይቼ ልለይ?

የስድስት ኪሎ ልጅ፦
እህቴ፣ እኔ ያደግኩት አንበሳ ግቢ አካባቢ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሲያገሱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ግቢው በጃንሆይ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም በየአገሩ ዙ ማለት ብረትና ሲሚንቶ ነበር። ሲሚንቶ የተመረጠው በክፋት አይደለም፤ በውሃ ይታጠባል፣ በሽታ ይቀንሳል።

ለጥያቄሽ፣ መጀመሪያ ያማረው ለእኛ ነው። ጀርመናዊው ካርል ሃገንቤክ እ.ኤ.አ. በ1907 ሃምቡርግ ላይ ዙ ሲከፍት ፍርግርጉን አንስቶ አንበሳው በማይዘለው ሰፊ ቦይ ተካው። ሰው አንበሳውን ያለ ብረት አየው ማለት ነው፣ አንበሳው ግን ያው የሚሠራው የለውም። ለእንስሳው ማሰብ በደንብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ለጎሪላዎች ሣርና ዛፍ ያለው፣ ከሰው ዓይን ዞር የሚሉበት ግቢ ተሠራላቸው።

እንስሳት ሐኪሟ፦
የሚሚ እናት፣ ልጅሽ ያየችው እኛ ሙያ ውስጥ ስም ያለው ነገር ነው፣ ስቴሪዮታይፒ ይባላል። እንስሳው ሊያደርገው የተፈጠረውን ነገር ማድረግ ሲያቅተው ያንኑ እንቅስቃሴ ይደጋግማል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ብዙ ዓይነት ሥጋ በል እንስሳትን አነጻጽረው፣ ዱር ውስጥ ሰፊ ቦታ የሚያካልሉት ታስረው ሲኖሩ ይበልጥ እንደሚመላለሱ አሳይተዋል። የዋልታ ድብ የሚሰጠው ግቢ ዱር ውስጥ ከሚያካልለው አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። እስቲ አስቢው!

ግን ቦታ ማስፋት ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ዙ ውስጥ ሃል ማርኮዊትዝ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለጊቦን ጦጣዎች ማንሻ ገጠመላቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ተንጠላጥለው እየሄዱ ሲጎትቱ ምግባቸውን ያገኛሉ። ዛሬ ይሄ ኤንሪችመንት ይባላል። ሥጋውን መሬት ላይ ከመወርወር ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ቅመም ወይም የሌላ እንስሳ ፋንድያ ግቢው ውስጥ በትኖ እንዲያሸት ማድረግ። ብዙ ብር አይጠይቅም፣ በየቀኑ የሚያስብለት ጠባቂ ነው የሚጠይቀው። ሕክምናውም ተለውጧል። ድሮ አንበሳ ለምርመራ ደም እንዲቀዳለት በማደንዘዣ ይወድቅ ነበር። አሁን የሠለጠነ አንበሳ ሥጋ እየተሸለመ ራሱ መጥቶ ጎኑን አጥሩ ላይ ያስጠጋል፣ ጅራቱን ያስይዛል። ካልፈለገ ይሄዳል፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄን ነው።

ስትሄጂ ይሄን እይ፦ እንስሳው ከሰው መደበቅ ይችላል? ከእግሩ ሥር አፈር አለ? ወጥቶ የሚተኛበት ከፍታስ? መደበቂያ ስላለው ሳታዩት ብትመለሱ እንኳ ለሚሚ ጥሩ ቀን ነው።

መንገደኛው፦
እኔ ዙ ጭራሽ ባይኖር ደስ ይለኛል። ሆለታ አካባቢ ቦርን ፍሪ የሚባል የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያስተዳድረው «እንስሳ ኮቴ» የሚባል መጠለያ አለ። ከሕገወጥ አዘዋዋሪ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች፣ ሰው ቤት በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶች እዛ ይገባሉ። መለቀቅ የሚችል ይለቀቃል፣ የማይችል እዛው ያረጃል። የሚያስፈልገን እንደዚህ ያለ ነው።

የስድስት ኪሎ ልጅ፦
መንገደኛው፣ ግማሹን እስማማለሁ። ግን የዓረብ ኦሪክስ የሚባለው የሳላ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዱር ውስጥ አልቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ኦማን በረሃ የተመለሰው በዙ ተራብቶ ነው። የእኛዎቹ የስድስት ኪሎ ባለ ጥቁር ጎፈሮችም እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የዘረመል ጥናት ከሌሎች አንበሶች ልዩ ሆነው ተገኝተዋል። እነሱን የት እናድርጋቸው?

የሚሚ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ማታ ለሚሚ «በሩ ጠፍቶበት ሳይሆን የሚሠራው አጥቶ ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ሥጋውን ይደብቁለታ» አለችኝ። የሐኪሟን መልስ ገና አላነበብኩላትም ነበር።