ቃል በቃል የሚደግም ተማሪ ለምን አይረዳም?

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል መምህር
ጤና ይስጥልኝ። ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ የጆሮ ምርመራ ተደርጎለት ምንም ችግር አልተገኘበትም፤ ጽሑፍም አቀላጥፎ ያነባል። አጭር ታሪክ ሳነብለት የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ ይደግምልኛል፤ ባለታሪኩ ያን ያደረገው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ግን ዝም ይላል፣ ወይም ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሶ ይለዋል። ባልደረቦቼ «ትኩረት ስለማይሰጥ ነው» ይላሉ። እንዲህ አድርጎ የሚደግምን ልጅ አላዳመጠም ለማለት ግን ይከብደኛል። አዳምጦ መረዳት በየትኞቹ የአእምሮ ችሎታዎች ላይ የቆመ ነው? የጎደለውንስ በምን ልለየው?

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ
መምህር፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። አለን ባደሊ እና ግራም ሂች እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት የሥራ ትውስታ (መረጃን ለአጭር ጊዜ ይዞ እየተጠቀመ የሚያስብበት የአእምሮ ችሎታ) ሞዴል የሰማነውን ንግግር ለጥቂት ሰከንዶች ይዞ የሚያቆየውን ክፍል መረጃውን ከሚመራውና ከሚያዛምደው ክፍል ለይቶ ያስቀምጣል። ተማሪዎ የመጀመሪያው የተሟላለት ይመስላል። መረዳት ግን እያንዳንዱን አዲስ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ከተነገረውና አድማጩ ስለ ዓለም ከሚያውቀው ጋር እያገናኙ ሁኔታውን በአእምሮ መገንባትን ይጠይቃል። «ሰማዩ ጠቆረ፤ እናትየዋ የተሰጣውን ልብስ ልትሰበስብ ሮጠች» ሲባል ዝናብ የሚል ቃል አልተነገረም፤ ዝናቡን የሚጨምረው አድማጩ ነው። ይህን ማድረግ ያልቻለ ልጅ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች ያለ ስህተት ሊደግማቸው፣ የሩጫውን ምክንያት ግን ሊያጣው ይችላል። የቃላት ዕውቀትም መዘንጋት የለበትም፤ የአንድን ቃል ፍቺ ሲፈልግ የቆየ አድማጭ፣ ተመልሶ እንደሚያይ አንባቢ አይደለምና፣ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል።

መልስ፦ የንባብ አሠልጣኝ
ለመለየት ያህል አንድ ቀላል ሙከራ ልጠቁም። ፊሊፕ ጎፍ እና ዊሊያም ታንመር እ.ኤ.አ. በ1986 አንብቦ መረዳትን ጽሑፍን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታና የቋንቋ መረዳት ብዜት አድርገው ገልጸውታል፤ ብዜት በመሆኑም አንደኛው ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሌላው ጥንካሬ አያድነውም። ስለዚህ በርዝመትም በክብደትም ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ታሪክ ራሱ በጸጥታ እንዲያነብና የ«ለምን» ጥያቄዎችን እንዲመልስ ያድርጉ። ጽሑፉ ፊቱ ተዘርግቶለትም ካልመለሰ፣ የቃላት ዕውቀቱንና የተነገረውን ተንተርሶ ያልተነገረውን የመድረስ ችሎታውን መመርመር ይቀድማል። ከጽሑፍ ሲሆን በደንብ መልሶ ከንግግር ሲሆን ብቻ የሚቸገር ከሆነ ግን የሥራ ትውስታ ጫናን፣ ትኩረትንና የክፍሉን ጫጫታ መጠርጠር ያስኬዳል። በአንድ ታሪክ ብቻ እንዳይወስኑ አደራ፤ ልጁ ስለ ጉዳዩ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ውጤቱን በእጅጉ ይለውጠዋል።

መልስ፦ የሥነ ልቦና ተማሪ
እስካሁን ያልተነሳ አንድ ችሎታ አለ፤ እርሱም አለመረዳትን ራስን ተከታትሎ ማወቅ ነው። ኤለን ማርክማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመችው ጥናት ልጆች የካርታ ጨዋታ መመሪያ ተነገራቸው፤ መመሪያው «ልዩ ካርታ ያለው ማን እንደሆነ እናያለን» ቢልም ልዩ ካርታ ምን ማለት እንደሆነ አይገልጽም ነበር። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ጉድለቱን ያስተዋሉት ጨዋታውን ራሳቸው ሊሞክሩ ሲነሱ ነው። «ገባችሁ?» ለሚል ጥያቄ በኅብረት የሚሰጠው «አዎ» ለዚህ ነው ብዙም የማያስተማምነው። አንዳንዴ ሆን ብለው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የያዘ አጭር ታሪክ ይንገሩና ማን እንደሚያስቆምዎት ይመልከቱ።

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ
ባለፈው መልሴ ላይ ይህን ልጨምር፦ ልጁ ተረድቶም ምክንያቱን በቃል ማስረዳት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ሥዕሎችን በታሪኩ ቅደም ተከተል እንዲደረድር ወይም ከተሰጡት ምክንያቶች ትክክለኛውን እንዲመርጥ ቢያደርጉ፣ የንግግር ችግሩን ከመረዳት ችግሩ መለየት ይቻላል። በዚህም በዚያም ከተቸገረ ለቋንቋ እድገት ምርመራ መላኩ ይሻላል።