በጢስ ዓባይ ከገበሬ ቤተሰብ ጋር ማደር፦ የጋራ ሐሳባችንን እናሟላው

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ ለወረዳው የምናቀርበውን ሐሳብ ረቂቅ አቅርቤአለሁ። የጎደለውን ጨምሩ፤ ያልተስማማችሁበትንም በግልጽ ጻፉ።

ዛሬ እንግዳ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣል፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የአላታ ድልድይ ይሻገራል፣ ፏፏቴውን አይቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ምሳውም አዳሩም ከተማ ነው። ለመንደሩ የሚተርፈው ከአንድ ነጠላና ከአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ብዙም አያልፍም።

ውኃውም እንደ ድሮው አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የበለስ ማመንጫ የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ ምዕራብ መሳብ ጀመረ። በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። አዳሩን በፏፏቴው ላይ ብቻ ካቆምነው በበጋ ወራት ጎጆዎቹ ባዶ ይሆናሉ። እንግዳው የሚያድረው ለቤተሰቡ ሲል መሆን አለበት፤ የዳጉሳ እንጀራ ሲጋገር ለማየት፣ ከብቶች ሲገቡ ወተት ሲታለብ አጠገብ ለመቀመጥ፣ ማታ እሳት ዳር ለመጫወት።

ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ እንግዳው በግቢው ውስጥ ለብቻ በተሠራ ጎጆ ይደር፤ በመጀመሪያው ዙር ሦስት ቤቶች ብቻ ይጀምሩ፤ እንግዳ በተራ ይመደብ፤ መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ማንም አይመዝገብ።

ከአስጎብኚዎች ወገን

በረቂቁ እስማማለሁ። የምጨምረው ወቅቱን ነው። ፏፏቴው ሞልቶ እስከ 400 ሜትር የሚሰፋው በክረምቱ መጨረሻ ነው። ጭሱን ከሩቅ ያየ እንግዳ አንድ ሌሊት መጨመሩ አይቀርም። በነሐሴ እንጀምር።

ከቤት እመቤቶች ወገን

ወንድሜ፣ ነሐሴን ተዉልን። ነሐሴ አረም ነው። ጎህ ሲቀድ ወጥተን ማታ ጭቃ ተሸክመን እንመለሳለን፤ ለእንግዳ ቡና የሚያፈላ ሰው ቤት ውስጥ አይገኝም። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ወተትና እንቁላል የጠበቀ እንግዳ ሽሮና ጎመን ሲቀርብለት ቅር ይለዋል፤ እኛም እናፍራለን። ዕንቁጣጣሽ ይለፍ። በመስከረም ውኃው ገና ብዙ ነው፤ ሜዳው አደይ ነው፤ እኛም ፋታ እናገኛለን። በኅዳር የመጣ ደግሞ አጨዳውንና ውቂያውን አብሮን ያያል።

ሌላው ገንዘቡ ነው። እኛ የእግዜር እንግዳ ብለን እግር አጥበን የምናሳድር ሰዎች ነን። ምሳ ካበላሁት ሰው እጅ ብር መቀበል ይከብደኛል፤ ዋጋ ተከራከሪ ብባል ደግሞ እንግዳ መቀበሉን እተወዋለሁ። ክፍያው አስቀድሞ በማኅበሩ በኩል ይፈጸም። ለቤቱ የሚደርሰው ድርሻም ምጣዱ ላይ በቆመችው ሴት ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ይህ ካልተጻፈ ፊርማዬን አላኖርም።

ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ

እትዬ ያሉት ይጻፍ። ከጤና በኩል፣ አካባቢያችን ወባማ ነው፤ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። ስለዚህ ያልተቀደደ አጎበር ያልተሰቀለበት ጎጆ እንግዳ አይቀበል። የመጠጥ ውኃ ይፈላ ወይም «ውኃ አጋር» በሚባለው የውኃ ማከሚያ ይታከም። ወንዙ ዳር መቀመጥ መልካም ነው፤ መዋኘትና እግር መንከር ግን ይከልከል፤ ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬም በምሽት ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጣ ከመሸ በኋላ ወደ ወንዝ የሚወርድ እንግዳ አይኑር። መጸዳጃ ቤቱ ሳይጠናቀቅ ቤቱ ተራ ውስጥ እንዳይገባ እጠይቃለሁ።

ከአስጎብኚዎች ወገን

ስለ ነሐሴው እትዬ ልክ ናቸው፤ ሐሳቤን አንሥቻለሁ። በነሐሴ እንግዳ ለቀን ብቻ እናመጣለን። የጾም ቀን የሚቀርበውን ምግብ ከምዝገባው በፊት ለእንግዳው ማስረዳት የእኛ ሥራ ይሁን።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

ተቀብያለሁ። አዳሩ ከመስከረም አጋማሽ ይጀምራል፤ ክፍያው በማኅበሩ በኩል ሆኖ የቤቱ ድርሻ በእመቤቷ ሒሳብ ይገባል፤ አጎበርና መጸዳጃ ቤት ቅድመ ሁኔታ ሆነዋል። የቀረው ማኅበሩ ለአጎበርና ለፍራሽ የሚያስቀረው ድርሻ ስንት ይሁን የሚለው ነው። ገንዘብ ያዣችን ስሌቱን እስከ እሑድ ያቅርቡልን፤ ቃለ ጉባኤው የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።