ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር በቪዲዮ የቤተሰብ ምክር ልንጀምር ነው፤ በአማርኛ ይሆናል?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ወደ አሜሪካ ስንመጣ 9 ዓመቱ ነበር። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ቀን ታክሲ ይነዳል። ከመስከረም ወዲህ ልጁ ተዘግቶብናል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምግቡን ይዞ ክፍሉ ይገባና ይቆልፋል። ጠዋት ከሥራ ስመለስ ባዶውን ሳህን በሩ ሥር አገኘዋለሁ። ባለፈው ወር ስልኩን ቀማሁት፤ በእንግሊዝኛ እየጮኸ ከተናገረኝ ግማሹ አልገባኝም። ከጩኸቱ ይልቅ ያስለቀሰኝ ይህ ነው።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ደውላ የቤተሰብ ምክር በቪዲዮ ብትጀምሩ ይሻላል አለችኝ፤ የአንድ ክሊኒክ አድራሻም ላከችልኝ። ግን ፈራሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ እንጂ የሆዴን ለመናገር አይበቃም፤ እስከ ዛሬ ሐኪም ቤትም ባንክም የሚያስተረጉምልኝ ራሱ ልጁ ነው። አስተርጓሚ ቢያመጡልኝ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ብትሆንስ? ቤታችንም ጠባብ ነው፤ በአንዱ ክፍል ያስነጠሰ በሌላው ይሰማል። ባለቤቴ «ገመናችንን ለፈረንጅ ልንዘረግፍ ነው? ልጁን ቢወስዱብንስ?» ይላል። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሦስት ልጆች እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እኅቴ፣ ስለ ሳህኑ ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከትልቋ ልጄ ጋር በቪዲዮ ጀምረን ሰባት ወር ቆየን። እኔ የምቀመጠው በቆመ መኪና ውስጥ ነበር፤ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፌ፣ ማዳመጫ በጆሮዬ፣ ጋቢ በትከሻዬ። ልጄ ክፍሏ ውስጥ ሆና ትገባለች። አማካሪዋ መጀመሪያ እኔን ለብቻዬ፣ ቀጥላ ልጄን ለብቻዋ አነጋገረች። አብረን የተገናኘነው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያን ቀን ልጄ በስክሪኑ አይታኝ «እዚያ ብርድ ነው፤ ለምን ወደ ቤት አትገቢም?» አለችኝ። ከስንት ወር በኋላ ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያ ደግ ቃል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ለውጥ አትጠብቂ። እኔ በአራተኛው ላይ ልተወው ደርሼ ነበር።

ማኅበራዊ ሠራተኛ (ዋሽንግተን ዲሲ)

በዚህ ሙያ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉ በፊት አንዱን አጥብቄ ልናገር፦ ልጁ በፍጹም እንዳያስተረጉም። በእርሱ ላይ የተነገረውን ወቀሳ ወደ እንግሊዝኛ፣ የራሱን ቁጣ ወደ አማርኛ እየመለሰ እንዴት ልቡ ያርፋል? ሕጉም ይህንኑ ይላል። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ወይም ሌላ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ በ2010 የወጣው የጤና ሕግም አጠናክሮታል። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድም። ቀጠሮ ሲይዙ «አስተርጓሚው በድምፅ ብቻ ይግባ፤ ከተቻለ ከሌላ ግዛት ይሁንልኝ» ይበሉ። ድምፁን ካወቁት ይቀየርልኝ ለማለት አይፈሩ።

የባለሙያው ፈቃድ የሚታየው እርስዎ በተቀመጡበት ግዛት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ከተነጋገሩ በሜሪላንድ እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ ቨርጂኒያ እኅትዎ ቤት ሆነው የሚገቡ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት። ስሙን በግዛቱ የሙያ ፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይችላሉ።

«ልጁን ቢወስዱብንስ» የሚለውን ከብዙ ወላጆች እሰማለሁ። አማካሪ የነገሩትን በምስጢር ይይዛል። ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ልጅ እየተጎዳ ወይም ያለ ጠባቂ ተትቶ እንደሆነ ሲጠረጥር ነው፤ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲቃረብም ዝም አይልም። ስልክ መቀማትና መጨቃጨቅ ከዚህ አይቆጠሩም። በቁንጥጫና በአርጩሜ ያደግን ሰዎች ግን ቀድመን እንወቀው፦ በልጅ ገላ ላይ ምልክት የሚተው ቅጣት እዚህ አገር ሪፖርት ይደረጋል። የምስጢሩን ወሰን በመጀመሪያው ቀን እንዲያስረዳዎት ይጠይቁ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ልጁ ሜዲኬድ ካለው 21 ዓመት እስኪሞላው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሸፈንለታል። የግል ኢንሹራንስ ከሆነ በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውለው ከኪስዎ ምን ያህል እንደሚወጣ ይጠይቁ። በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም አሉ።

ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ወይም ከጻፈ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ራስን ለማጥፋት ሐሳብና ለአእምሮ ጭንቀት ፈጥኖ ደራሽ ወደሆነው ወደ 988 ይደውሉ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ቁጥር ነው። ሲያነሱ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ የሚደወለው ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ ወደ 911 ነው።

የ22 ዓመት ወጣት

እናቴ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት በስምንት ዓመቴ ነው። በ11 ዓመቴ የአባቴን የምርመራ ውጤት ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ካንሰር ሲል እኔ ለአባቴ «ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል» አልኩት። ቤት ስንደርስ በሬን ዘጋሁ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። የልጅዎ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን ባለፈው ዓመት ምን ምን እንዳስተረጎመልዎት እስኪ አንድ በአንድ ያስታውሱ።

በቪዲዮ መሆኑ ለእኛ ዕድሜ ይቀላል። ካሜራውን ላጥፋ ቢል አይቆጡት።

አባት (ሲያትል)

ይህንን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ወንድሜ፣ እኔም ገመና ብዬ ስድስት ወር እምቢ አልኩ። ያሳመኑኝ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ «እኔ እጸልይለታለሁ፤ የተማረው ደግሞ ይየው» አሉኝ። የመጀመሪያ ቀን ሰላምታ ብቻ ሰጥቼ ዝም አልኩ። አማካሪው «ልጅህን ምን ያስቀዋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ከዚያን ዕለት በኋላ አንድም ቀጠሮ አልቀረሁም።

አባል ከአዲስ አበባ

እዚህ በቪዲዮ ጥሪ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሁሉም ነገር በአማርኛ ነው። ለምን ከአገር ቤት አትፈልጊም?

ማኅበራዊ ሠራተኛ (ዋሽንግተን ዲሲ)

እናትየዋ የራሷን ድካም በቋንቋዋ ለማውራት ከሆነ ሊረዳት ይችላል። ለልጁ ግን አልመክርም። የአዲስ አበባ ፈቃድ ሜሪላንድ ላይ አይሠራም፤ ክፉ ሰዓት ቢመጣም ያ ሰው ከዚያ ሆኖ ሲልቨር ስፕሪንግ እርዳታ ለመላክ ይቸገራል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። የወጣቱን መልእክት ካነበብኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፦ የባለቤቴ የትራፊክ ቅጣት፣ የቤት ኪራይ ማስጠንቀቂያ፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ከአሠሪዬ ፈቃድ የጠየቅሁበት ስልክ። ሁሉንም የተናገረው ልጄ ነው።

ዛሬ ክሊኒኩ ደወልኩ። አስተርጓሚው በድምፅ ብቻ ይገባል፤ ቀጠሯችን ማክሰኞ 10 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ታክሲውን አቁሞ ከመኪናው ይገባል። ለልጄ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ማን ነው የሚያስተረጉመው?» ብሎ ነው። ሌላ ሰው እንደሆነ ነገርኩት። «እሺ» አለ፤ ሳህኑንም ይዞ አልሄደም፤ እዚያው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ በላ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በኢሜይል የላኩልኝ የስምምነት ቅጽ ዘጠኝ ገጽ እንግሊዝኛ ነው። ከማክሰኞ በፊት ፈርሚ ብለውኛል።

ማኅበራዊ ሠራተኛ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ሳይገባዎት አይፈርሙ። ነገ ደውለው የአማርኛ ቅጂ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ከሌላቸው አስተርጓሚው በስልክ እንዲያነብልዎት ያድርጉ። ስለ ምስጢር ያለውን ክፍልና ቀጠሮ ሲሰረዝ የሚከፈለውን በተለይ ያስነብቡ።