የአውስትራሊያ ፉቲ ፋንታሲ፦ ዘንድሮ መጨረሻ ላለመውጣት ምን ዓይነት ቡድን ልምረጥ?

የሰንሻይን ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ሜልቦርን ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። በዚህ ከተማ ሰው ስምህን ጠይቆህ ሳይጨርስ የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆንክ ይጠይቅሃል። የሚያወሩት ስለምናውቀው እግር ኳስ አይደለም፤ ስለዚያ እንቁላል ስለሚመስለው ኳስ፣ ስለ ፉቲ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ አሥራ ሁለት ሰው ያለበት የፋንታሲ ሊግ ውስጥ አስገቡኝና ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ወጣሁ። የመጨረሻው ሰው ለሁሉም ቁርስ ያመጣል የሚል ደንብ ስላለ አምባሻ ጋግሬ ሄድኩ። ስሕተቴ እዚያ ላይ ነው፤ አምባሻው ስለጣማቸው ዘንድሮም እንድሸነፍ እየተመኙ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ተጫዋቾቻችሁ በእውነተኛው ጨዋታ ሜዳ ላይ የሠሩት ወደ ነጥብ ይለወጥላችኋል። በአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ ካሉት 18 ክለቦች 30 ተጫዋች ትገዛላችሁ። 22ቱ ሜዳ ይገባሉ፦ 6 ተከላካይ፣ 8 አማካይ፣ 2 ራክ (ኳሱ ወደ ላይ ሲነሣ ዘለው የሚሻሙት ረጃጅሞቹ) እና 6 አጥቂ። 8ቱ ተጠባባቂ ናቸው። ገንዘቡ የምናብ ቢሆንም ጣሪያ አለው፤ ኮከቦችን ብቻ መሰብሰብ አይቻልም። በየሳምንቱ ሁለት ተጫዋች መቀየር ይፈቀዳል። አምበል ያደረጋችሁት ሰው ነጥብ በእጥፍ ይቆጠራል።

አምና በቴሌቪዥን ስማቸው የሚጮኸውን ጎል አግቢዎች ሰብስቤ ነበር። አንድ ሳምንት 110 ነጥብ ያመጡና በሚቀጥለው ሳምንት 38 ይዘው ይመለሳሉ። ትልቁን ገንዘብ የት ላውለው? ርካሾቹን ወጣቶች በምን ልለያቸው? በወቅቱ አጋማሽ ላይ ክለቦቹ በተራ ሲያርፉ ደግሞ ቡድኔ ግማሽ በግማሽ ባዶ ይሆናል፤ እሱንስ እንዴት ታልፉታላችሁ?

ቦሌ 15

እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፤ ፉቲ አይቼ አላውቅም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ፋንታሲ ግን ስምንት ዓመት ተጫውቻለሁ። እዚያ 15 ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ነው የምንገዛው። መላው አንድ ነው ወንድሜ፦ ጎል የሚያገባ አጥቂ ያዝ፣ ደካማ ቡድን የሚገጥመውን አምበል አድርግ፣ ለተከላካይ ብዙ አታውጣ። ጎል የማያገባ ሰው ምን ነጥብ ያመጣል?

አሮጌው ፉቲ

ወንድሜ ቦሌ፣ ምክርህ ለእንግሊዙ ይሠራል። እዚህ ግን ሰውየውን ዘንድሮም አምባሻ ያስጋግረዋል።

የሰንሻይን ልጅ፣ ቡድን ከመምረጥህ በፊት የነጥብ አሰጣጡን በቃልህ ያዘው። በእግር አንድ ጊዜ መምታት 3 ነጥብ፣ በእጅ ማቀበል 2፣ ማርክ 3፣ ታክል 4። ማርክ ቢያንስ 15 ሜትር ተመትቶ የመጣን ኳስ መሬት ሳይነካ በእጅ መያዝ ነው፤ ታክል ደግሞ ኳስ የያዘውን ባላጋራ ይዞ ማስቆም። ጎል 6 ነው፤ በትልቁና በትንሹ ቋሚ መካከል ያለፈችው ቢሃይንድ 1። የቅጣት ምት ስታገኝ 1 ይጨመርልሃል፤ ስታሰጥ 3 ይቀነስብሃል። ራኩ ኳሱ ወደ ላይ ሲነሣ ዘሎ በነካ ቁጥር 1 ያገኛል።

አሁን አብረን እንደምር። ከኋላ ኳስ እያወጣ የሚጫወት አንድ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ 20 ጊዜ በእግር ቢመታ 60፣ 8 ጊዜ በእጅ ቢያቀብል 16፣ 9 ማርክ ቢይዝ 27፣ 2 ታክል ቢያደርግ 8፤ ድምሩ 111 ነው። የዚያን ቀን ስታዲየሙን ያናወጠው አጥቂ ደግሞ 4 ጎል አግብቷል እንበል። ጎሎቹን ጨምሮ 8 ጊዜ መታ፣ 2 ጊዜ በእጅ አቀበለ፣ 5 ማርክ ያዘ፣ 1 ታክል አደረገ። 24 ለጎሎቹ፣ 24 ለምቶቹ፣ 4፣ 15፣ 4፤ በጠቅላላው 71። ጋዜጣው የሚያወጣው የአጥቂውን ፎቶ ነው፤ 111ዱን የሚወስደው ግን ተከላካዩን የገዛው ሰው ነው።

ስለዚህ የምትፈልገው ኳሱን ደጋግሞ የሚነካ ሰው ነው። ቶም ሚቸል በ2018 ለሆቶርን ሲጫወት በአንድ ጨዋታ 54 ጊዜ ኳሱን በእግር መትቶ ወይም በእጅ አቀብሎ በሊጉ ታሪክ ከፍተኛውን ቁጥር አስመዝግቧል። የፋንታሲ ሰው የሚያልመው እንዲህ ያለውን ነው፤ ጎል ማግባት አለማግባቱ ትርፍ ነገር ነው። በተቃራኒው የፖርት አደሌዱን አሊር አሊርን ውሰድ። በ2021 የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ የገባ ድንቅ ተከላካይ ነው፤ ነገር ግን የእሱን ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሰው ባላጋራው እንዳይዝ ኳሱን በጡጫ ሲያርቅ ፋንታሲ ምንም አይሰጠውም። ጥሩ ተጫዋች ሌላ፣ ነጥብ የሚያመጣ ተጫዋች ሌላ።

ገንዘብህን በቅድሚያ ለአማካዮች፣ ለሁለቱ ራኮችና ከኋላ ኳስ ለሚያወጡት ተከላካዮች አውጣ። አጥቂ ላይ ደግሞ መላ አለ። በዝርዝሩ ላይ «አጥቂ» ተብለው የተመዘገቡ፣ ዘንድሮ ግን አሠልጣኙ ወደ አማካይ ያዛወራቸው ሰዎች አይጠፉም። በወቅቱ መዳረሻ የሚደረጉትን የልምምድ ጨዋታዎች የማየው ለዚህ ነው። ውጤቱን ትተህ ኳሱ ከመሐል ሜዳ ሲነሣ ማን ማን እንደሚቆም ቁጠር። አጥቂ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ከአሥሩ ሰባቱን ጊዜ እዚያ ከቆመ ሳታመነታ ግዛው።

የጂሎንግ ነርስ

አሮጌው ፉቲ ስለ ነጥብ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ገንዘቡ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

የተጫዋቹ ዋጋ በየሳምንቱ እንደ ውጤቱ ይወጣል ይወርዳል። ርካሽ ጀማሪ የምትገዛው ነጥብ እንዲያመጣልህ አይደለም፤ እንዲደልብልህ ነው። ለምሳሌ በ250 ሺህ የገዛኸው ልጅ በየሳምንቱ 70 እና 75 እያመጣ በሁለት ወር ውስጥ 500 ሺህ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ትሸጠውና በትርፉ ከሌላ ጀማሪ ጋር አንድ ውድ አማካይ ትገዛለህ። ወቅቱ ሲጀምር ግማሽ ያህሉ ጀማሪ የነበረ ቡድን በሐምሌ ሙሉ በሙሉ የኮከብ ቡድን መሆን አለበት። የጨዋታው ልብ ይኸው ነው።

ከየትኛው ነጥብ በታች ካመጣ ዋጋው እንደሚወርድ የሚያሳይ ቁጥር ለእያንዳንዱ ተጫዋች ይወጣለታል። የልጁ ቁጥር 20 ከሆነና እሱ 70 ካመጣ ገና ያድጋል ማለት ነው። ቁጥሩ ከአማካይ ውጤቱ በላይ ሲደርስ ደልቧል፤ ሽጠው። አምና አንዱን ጀማሪ ስለወደድኩት ብቻ አራት ሳምንት አቆይቼው ትርፌን ግማሹን በላብኝ።

ጀማሪ ሲመረጥ ስም አታሳድድ። በዓመታዊው የተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ የወጣው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ዋጋው ከሌሎቹ ጀማሪዎች ይበልጣል፤ ሰውነቱም ገና ላይጠነክር ስለሚችል አሠልጣኙ ሊያሳርፈው ይችላል። በቪክቶሪያ፣ በደቡብ ወይም በምዕራብ አውስትራሊያ ሊግ ለዓመታት ተጫውቶ በ23 እና በ24 ዓመቱ የተጠራውን እመርጣለሁ። የተጠራው ቀዳዳ እንዲሞላ ነው፤ ስለዚህ ይሰለፋል። መሰለፍ ካልቻለ ዋጋው ባለበት ይቆማል፤ ዋጋው የቆመ ጀማሪ ደግሞ ገዝተህ መደርደሪያ ላይ የረሳኸው ዕቃ ነው።

ፐርዝ ላይ ያለሁ

እህቴ ውድና ርካሽ ብቻ ይገዛ የምትል ይመስላል። እኔ አልስማማም። ባለፈው ዓመት በጉዳት ብዙ ጨዋታ ያመለጠው ሰው ዋጋው ተቀንሶ በመካከለኛ ዋጋ ይቀመጣል። ጉልበቱ ድኖ ልምምዱን በሙሉ ከሠራ በግማሽ ዋጋ ኮከብ ገዛህ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ያዝ እንጂ ጨርሰህ አትተዋቸው።

የጂሎንግ ነርስ

ሁለት ከሆነ ይሁን። አምስት ስድስት የገዛ ሰው ግን አይቻለሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግማሾቹ ተመልሰው ሐኪም ዘንድ ነበሩ።

ፐርዝ ላይ ያለሁ

ስለ አምበል ማንም አላነሣም። ጨዋታዎቹ ከሐሙስ ወይም ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ይዘልቃሉ፤ ተጫዋቾችህ የሚቆለፉትም (ከዚያ ወዲያ መቀየር የማይቻለውም) አንድ ላይ ሳይሆን የየራሳቸው ጨዋታ ሲጀምር ነው። ይህን ተጠቀምበት። ቀድሞ የሚጫወተውን ኮከብ ምክትል አምበል አድርገው። 130 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ አምበልነቱን ገና ላልተቆለፈ፣ ግን እንደማይሰለፍ በእርግጥ ለምታውቀው ሰው ትሰጠዋለህ። አምበሉ ስላልተጫወተ የምክትሉ ነጥብ ይታጠፋል። ምክትሉ 80 ካመጣ ደግሞ እርሳውና እሑድ ለሚጫወተው ሌላ ኮከብ አምበልነቱን ስጥ። አንድ የማይሰለፍ ርካሽ ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማቆየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ስታስገባው በቦታው የሚተካ ተጠባባቂ ምልክት ማድረግ ግን እንዳትረሳ፤ አለበለዚያ ቦታው ዜሮ ይሆናል።

እኛ ፐርዝ ያለን ሰዎች ከሜልቦርን በሁለት ሰዓት፣ በበጋ ደግሞ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነን። የመጨረሻው አሰላለፍ የሚወጣው ጨዋታው ሊጀምር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ስለሆነ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ይደርሳል። ከአገልግሎቱ በፊት ተጠባባቂዎቼን አስተካክዬ ስልኬን እዘጋለሁ። አንድ ጊዜ ዘግይቶ የወጣ ተጫዋች 100 ነጥብ አሳጥቶኛል፤ ነገሩን ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም።

አሮጌው ፉቲ

ስለ ዕረፍት ሳምንታት ለጠየቅከው። ቡድን ስትመርጥ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ክለቡ የሚያርፍበትን ሳምንት ጻፍ። ውዶቹ ተጫዋቾችህ ከአምስትና ስድስት በላይ በአንድ ሳምንት እንዳያርፉብህ ተጠንቀቅ። በእነዚያ ሳምንታት የሚቆጠርልህ ከ22ቱ የምርጥ 18ቱ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ አራት ሰው ቢጎድል አትደንግጥ፣ ስምንት ቢጎድል ግን አምባሻህን አቡካ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በዋናነት የኒው ሳውዝ ዌልስና የኩዊንስላንድ ክለቦች በሚያስተናግዱት የመክፈቻ ዙር የሚጫወቱት ክለቦች ከሌሎቹ ቀድመው ይጀምራሉ፤ ዕረፍታቸውም ቀደም ብሎ ይመጣል። ከእነሱ ብዙ ሰው ይዞ መጀመር በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ያስለቅሳል።

የአየር ጠባይንም ናቅ አታድርገው። በሰኔና በሐምሌ የሜልቦርን ዝናብ ኳሱን ስለሚያሟልጭ ማርክ ይቀንሳል፣ ታክል ይበዛል። ዶክላንድስ ያለው ማርቨል ስታዲየም ጣሪያ ስላለው እዚያ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ሁለት እኩል ተጫዋች አምበል ለማድረግ ስታመነታ ጣሪያ ሥር የሚጫወተውን ያዝ።

ቦሌ 15

ጎል አግቢው 71፣ ተከላካዩ 111! ይህን ለጓደኞቼ ብነግራቸው አያምኑኝም። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በእንግሊዙ ያልተጠቀምንበትን ዝውውር ለሚቀጥለው ሳምንት እናስተላልፋለን። እዚያስ?

የጂሎንግ ነርስ

አይተላለፍም ወንድሜ። የዚህ ሳምንት ሁለቱ በዚህ ሳምንት ያልቃሉ። በየሳምንቱ ሁለቱንም የምንጠቀመው ለዚህ ነው፤ ምንም ችግር ባይኖር እንኳ አንድ የደለበ ጀማሪ ሸጠን አንድ ያልደለበ እንገዛለን። ሱፐርኮች የሚባለው ሌላው ጨዋታ ግን ለዓመቱ በሙሉ የተወሰነ ቁጥር ስለሚሰጥ እዚያ መቆጠብ ያስፈልጋል። የሰንሻይን ልጅ፣ ባልደረቦችህ የትኛውን እንደሚጫወቱ አረጋግጥ፤ የነጥብ አሰጣጡም ይለያያል።

የሰንሻይን ልጅ (ጠያቂ)

አረጋገጥኩ፤ ሱፐርኮች አይደለም፣ ይኸው የምናወራው ፋንታሲ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ቡድኑን ከሥሩ አፍርሼ ሠራሁት። ከአምናዎቹ ጎል አግቢዎች አንድም አልቀረም። አምስት ውድ አማካዮች፣ ሦስት ኳስ አውጪ ተከላካዮች፣ ከጉዳት የተመለሱ ሁለት፣ የቀሩት ጀማሪዎች ናቸው። ለራክ ማክስ ጋውንን ይዣለሁ፤ ለሁለተኛው ራክ ግን ገንዘብ አልቆብኝ ርካሽ ሰው አስገባሁ።

አንድ ነገር ግን ልቤ አልቻለም። ሲጄ የሚሉትን ቻንግኩኦት ጂያትን፣ ከደቡብ ሱዳን ወላጆች ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደውን ልጅ፣ ማስገባት ፈልጌ ነበር። ምን ትላላችሁ ጋሼ?

አሮጌው ፉቲ

ልጄ፣ እኔም እሱ ሲሮጥ ሳይ ከወንበሬ እነሣለሁ። ግን ጉዳት ደጋግሞ ወቅቱን ያቋረጠበት ተጫዋች ነው። አሰላለፍ ውስጥ መኖሩንና ከኋላ ኳስ የሚያወጣው እሱ መሆኑን እይ፤ ሁለቱም ከተሟሉ እንደማንኛውም ተከላካይ ዋጋውን መዝነህ ግዛው። ካልተሟሉ በስታዲየም አጨብጭብለት፤ ለዚያ ገንዘብ አያስፈልግም።

ይልቅ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ራክህ ነው። አንድ ጥሩ ራክ በአንድ ጨዋታ 35 ጊዜ ኳሱን ቢነካ ሳይሮጥ 35 ነጥብ ይዟል። ቦታው ሁለት ብቻ ስለሆነ የሌሎቹ አሥራ አንድ ሰዎች ሁለቱም ውድ ከሆኑ አንተ በየሳምንቱ አርባ ነጥብ ወደ ኋላ ትጀምራለህ። ከአምስቱ አማካዮች አንዱን አውርደህ በጀማሪ ተካው፤ በተረፈው ራኩን አሻሽለው። ጀማሪ አማካይ በየዓመቱ ይገኛል፤ ደህና ጀማሪ ራክ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

የሰንሻይን ልጅ (ጠያቂ)

አሁኑኑ እቀይረዋለሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሐሙስ ማታ ነው፤ ከሥራ የምወጣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ ባቡር ውስጥ ሆኜ አሰላለፉን አያለሁ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ የደረስኩበትን ተመልሼ እጽፋለሁ።

የጂሎንግ ነርስ

ተጠባባቂዎችህ ላይ ምልክት ማድረግህን ሐሙስ ጠዋት እይ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ኔትወርክ ይጠፋል።